ተፈቷል

ሳስካቱን። የካቲት። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
የእንስሳት ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ሌሊት።
በላዬ ላሞች በኮቴ ወለል ያንኳኳሉ፣
በፊቴ ሃያ አራት ዲስኮች ያቃስታሉ።
ሣጥኑ «ዘጠና ሰባት ከመቶ ሞልቻለሁ» ይላል፣
ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል።

የአሥራ አራት ዓመት ራጅ እዚህ ውስጥ አለ፦
ሽቦ የዋጠች ጊደር፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ፈረስ፣
የጎልፍ ኳስ የሰለቀጠ ቡችላ፣ ዋፍል የተባለ።

ስንገዛው ሻጩ ብራይስ የሚባል ሰው ነበር፤
የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የማያልቅ ነገር።
«ዲስክ ስንጨምር ራሱ ይሰፋል ወይ?» አልኩት፣
«በሚቀጥለው ስሪት» አለኝ፤ አመንኩት።
«የትናንቱን መልክ ይይዛል ወይ፣ እጅ ስቶ ቢሰርዝ?»
«በሚቀጥለው ስሪት» አለ፣ ካፖርቱን ደርቦ ሊጓዝ።

የሚቀጥለው መጣ። የሚቀጥለውም ቀጣይ ተከተለ።
እኔ አምስት ላይ ነኝ፤ ዓለም ስምንት ላይ ዋለ።
«ከአምስት ወደ ስምንት በቀጥታ አይታለፍም፣
በስድስት በኩል ነው፤ ስድስት ግን ከእንግዲህ አይሸጥም።»
ፎቁን ሠርተው ሲያበቁ ደረጃውን ነቅለው ወሰዱ፣
ከላይ ሆነው «ነይ፣ ውጪ» ማለቱን ግን ወደዱ።

ስልኩን ያነሳችው ማሪ-ሊን ናት፣ ከሞንክተን ከተማ፤
ፈትለወርቅ እንደምባል ነገርኳት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዲሰማ።
«ፌ... ፌትል...» ፈትሉ አፏ ውስጥ ተቋጠረ።
«የጥያቄ ቁጥርሽን ብቻ» አለች፤ ወርቁም በዚያው ቀረ።
ጥፋቱ የሷ አይደለም። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅስ ነበር፤
ከቤቷ ነው የምትሠራው፣ በማታውቀው ስሪት ስትማገር።

«ለምን ሁሉን ደመና ላይ አትሰቅሉትም?» አለች በመጨረሻ፣
«በየወሩ መክፈል ነው፣ የለውም ጣጣ፣ የለውም መዘዝ ማስታወሻ።»
ሳቅ አመለጠኝ። ላም አለኝ በሰማይ!
የፊተኞቹ ሲተርቱ ይህን ደመና አይተው ኖሯል ወይ?
ወተቷን አላይም፤ የገለባዋ ደረሰኝ ግን
በየወሩ መባቻ፣ ሳይዛነፍ፣ ደጄን
ያንኳኳል።

ዶክተር ሃርሊን ወረደች፣ እስከ ክርኗ ጓንት፣
«የኦረስት ላም፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ራጅ፣ አሁን በዚህ ቅጽበት!»
ጫንኩት። ክቡ ዞረ። ዞረ። ዞረ።
«በቂ ቦታ የለም» ብሎ ተገተረ።
ያለውን ለማሳየት አዲስ ቦታ ምን ያደርግለታል?
(ይህም ሳንካ ታውቋል። በሚቀጥለው ስሪት ይታረማል።)

ዋፍልን ሰረዝኩት። ሃያ ሁለት ምስል፣ ከነኳሱ።
«መመለስ አይቻልም፤ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ እሱ።
ይህቺን ጥያቄ እንኳ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሟልተዋታል።

ያኔ የላሟ ሆድ ብቅ አለ፤ ጭስ የመሰለ ግራጫ፣
መሐሉ ላይ ሽቦዋ፣ እንደ ነጭ ሰረዝ፣ ለብቻ።
ሃርሊን አዲሱን ከአሮጌው ጎን አድርጋ አየች፤
«ማግኔቱ እንደያዛት ነው፣ ንቅንቅ አላለች።
ቢላ አያስፈልግም፤ ሕመሟ ሌላ ነው» ብላ ሮጠች።
ብረት የዋጠች ላም የያዛትን እነሱ
የሃርድዌር በሽታ ይሉታል። የሶፍትዌሩንስ?
ለሱ ማግኔት አልተሠራም እስካሁን ድረስ።

ሊነጋጋ ሲል መልእክት፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ተፈቷል።
ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?»
ማን ፈታው? በየትኛው ጣት? ከየትኛው ገመድ?
ቋጠሮው ይኸው እጄ ላይ፣ ሳይላላ አንድ ዘንግ፣ አንድ ዘርፍ፣ አንድ ክምድ።

ቀና ብዬ በምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት ሳይ፣
አራት ኮቴ፣ ሁለት ቦት ጫማ፣ በረዶው ላይ፤
ኦረስት ጎንበስ ብሎ ገመዷን ከብረቱ ሲያላቅቅ።
እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «አዎ፣ አንዲት ተፈትታለች። የኔን እጠብቃለሁ፣ ሳልርቅ።»

ሣጥኑ አሁን ዘጠና ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል።
ዋፍል የነበረበት ቦታ ነው ባዶው፤
እስከ ሐሙስ እሱም ይሞላል።